አቤት አለህ

ንዋይ በሞተበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዳማ ከመነኸሪያው ጀርባ ባለው የአቶ ገመቹ ፎቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ ራሱ ንዋይ፣ አብራው የምትሠራው ማርቲ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ገርባ፣ አጠገባቸው ባለው ክፍል ልብስ የሚሰፉት እማማ በላይነሽ፣ እና ከበሩ ጥላ ሥር ወንበር አውጥተው የተቀመጡት የሕንፃው ባለቤት አቶ ገመቹ። የንዋይ የሥራ ሸሪክና የሠርጉ ሚዜ የሆነው ኪዳነወልድ ሻሸመኔ ሄዷል። ቢያንስ ሁሉም የሚያውቁት እንዲህ ነበር።

ንዋይ የወደቀው ከቴራሱ ላይ ነው። ከሕንፃው ጀርባ በተከመረ ብሎኬት ላይ አርፎ ሕይወቱ ወዲያው አለፈች። ኢንስፔክተር ቡዜ ስትደርስ ሬሳው በነጠላ ተሸፍኖ ነበር፤ ነጠላው የእማማ በላይነሽ ነው። የአዳማ ነፋስ ጫፉን ያነሳዋል፤ ማርቲ ተንበርክካ መልሳ ትይዘዋለች።

ቡዜ አጭር፣ ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሰው ሲያወራ ዓይኗን አትነቅልም። ከሬሳው ዘንድ ብዙ አልቆየችም፤ ከሳጅን ሳሊህ ጋር ወደ ቴራሱ ወጣች። ቴራሱ መከለያ አልተሠራለትም። ከጠርዙ የቆመው ፌሮ ዝጓል። በመሃል ጥቁር የውኃ ሮቶ አለ። ቡዜ ጎንበስ ብላ ከሮቶው ሥር አየች፤ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን፣ ሁለት አጫጭር አንቴናዎች ያሏት፣ ከፓወር ባንክ ጋር ተያይዛ አረንጓዴ መብራት ታበራለች።

«ይህን ለማንም አትናገር» አለችው ለሳሊህ፣ እየጠቀለለች።

«ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ለዚህ ነው የማትናገረው።»

የንዋይ ሥራ ለሰሚው ግራ ነበር። ድርጅቶች «ኔትወርካችንን እንደ ሌባ ሆነህ ሞክርልን» ብለው ያሠሩታል። ቀዳዳ ሲያገኝ ለእነሱ ብቻ ይነግራል፤ እነሱም ይደፍኑታል። ሥራ የሚያመጣውና ውል የሚዋዋለው ኪዳነወልድ ነው። ዕቃውን የሚነካኩት ሌሎቹ ናቸው።

የመጀመሪያው ምስክርነት የእማማ በላይነሽ ሲሆን፣ ቃላቸውን የተቀበለው ተረኛው መርማሪ ነው። በመስኮት በኩል ንዋይ ከቴራሱ ላይ አንድን ሰው ሲቆጣ ሰምተዋል። «‹አቤት አትልም ወይ?› ዓይነት ነገር ነው ያለው» ብለው ነበር። ለመርማሪው ነገሩ ግልጽ ሆነለት። ታላቅ ታናሹን ካልሆነ ማን ማንን «አቤት አትልም» ብሎ ይቆጣል? ከዚያ ፎቅ ላይ የንዋይ ታናሽ ሆኖ የሚታዘዘው ወንድ ገርባ ብቻ ነበር። ጠዋትም ሁለቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ማርቲ ሰምታለች። ገርባ ማታውኑ ታሰረ።

የሟች ሚስት ሜቲ ከቀብር በቀጥታ ወደ ጣቢያው መጣች። ፊቷ አብጧል። አልጮኸችም።

«አንዱን ቀብሬአለሁ» አለች። «ሁለተኛውን በቁሙ እንዳትቀብሩብኝ። ገርባን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እዚያ ሥራ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። እሱ ከሆነ ገዳዩ፣ ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ አትገምቱ። እወቁ።»

ቡዜ የሚያጽናና ቃል አልፈለገችላትም። «እሺ» አለቻት። «ሳላውቅ አልጽፍም።»

ገርባን ያነጋገረችው በጣቢያው ግቢ፣ ዛፍ ሥር ነው።

«አካም ጅርታ፣ ገርባ።»

«ፈያ» ብሎ ሰላምታዋን መለሰ፣ ቀና ሳይል።

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«መጣላት አይደለም። ሁሌም እንከራከራለን። ሦስት ዕቃ እያወዳደርን ነበር፤ የተሻለውን መርጠን ለሥራችን ልንወስድ።»

«ንገረኝ። እንደማላውቅ አድርገህ።»

ገርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ትንሽ ፈካ። «አንደኛው ‹እጅ› ነው። ፍላሽ ይመስላል። ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ‹እኔ ኪቦርድ ነኝ› ይልና የታዘዘውን ራሱ ይጽፋል። ፈጣን ነው፤ ግን ሰው ገብቶ መሰካት አለበት። ሁለተኛው ‹ጆሮ› ነው። የክብሪት ሳጥን ያክላል። ከኬብሉ መሃል ገብቶ የሚያልፈውን ያዳምጣል። ዝም ያለ ነው፤ ወር ቢቀመጥ የሚያየው የለም። ዋይፋይ ላይ ግን ደንቆሮ ነው።»

«ሦስተኛውስ?»

«አቤት።»

ቡዜ ቀና አለች።

«ስሙን ያወጣለት ንዋይ ነው። የሰው ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ ዝም ያለ ይመስልሻል እንጂ አንዳንዴ ይጣራል። የሚያውቀውን ዋይፋይ በስሙ እየጠራ ‹እዚህ ነህ?› ይላል። ይሄ ዕቃ ደግሞ ማንንም ቢጠሩ ‹አቤት› ይላል። ስልኩ ቤቱ የደረሰ ይመስለዋል።»

«አንተ የትኛውን መረጥክ?»

«ጆሮን። ንዋይ አቤት ይሻላል አለ። ሥራው ልክ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። እነዚያ ማሽን ነው የሚያታልሉት። እሱ የሚገባው ሰው ባመነው ስም ነው።»

ሳሊህ ገርባ ሲታሰር የተያዘለትን ዕቃ ይዞ መጣ። ቀበቶ፣ ጠመንጃ መፍቻ፣ ጀርባዋ በፕላስተር የታሰረ ባለቁልፍ ስልክ።

«ሌላ ስልክ የለህም?» አለችው ቡዜ።

«የምንሠራውን እያየሁ?» አለ ገርባ። «ማርቲ ‹የሙዚየም ዕቃ› ትላታለች። ዋይፋይ የሚባል ነገር አታውቅም። ሰላም ነኝ።»

በማግስቱ ቡዜ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ኪዳነወልድ ከሜቲ አጠገብ ተቀምጧል። እህል አልወስድ ስላለች በእጁ ጠቅልሎ «ለእሱ ስትይ፣ እቴ» እያለ ያጎርሳታል። እየተናነቃት ትውጣለች። የሰፈሩ ሴቶች «እንዲህ ያለ ሚዜ ይስጥ» ተባባሉ።

ቡዜን ሲያይ ተነስቶ ወደ አጥሩ ወሰዳት። ፂሙን አልተላጨም፤ ጥቁር ሸሚዙ አዲስ ነው።

«ሻሸመኔ ነበርኩ፤ ከደንበኛ ጋር። ማርቲ ደውላ ነገረችኝ። መንገዱን እንዴት እንደመጣሁት አላውቅም።»

«ስለ ገርባ ምን ይላሉ?»

ኪዳነወልድ ተነፈሰ። «ልጅ ነው። አትጫኑት። ቁጣው ትንሽ ፈጠን ይላል እንጂ ክፋት የለበትም። ንዋይም እኮ ግትር ነበር። ያንን ባለ አንቴናውን ነገር ይዞ እዚያ ጠርዝ ላይ ባይቆም ኖሮ፣ አንድ መገፋተር ሰው ይገድላል?»

«እውነትዎን ነው» አለች ቡዜ። «አይገድልም።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማርቲ ሄደች። ማርቲ ቢሮው ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ ኮምፒውተሩ በርቷል፣ እሷ ግን ግድግዳውን ነው የምታየው።

«ቅዳሜ የትኛውን ዕቃ ነበር የምትሞክሩት?»

«ጆሮን። እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ገርባ በጀርባ ባለው ክፍል ኬብል እየዘረጋልኝ ነበር።»

«አቤትስ?»

«ተቆልፎበታል። ቁልፉ ንዋይ ጋ ነው። ለምን?»

ቡዜ የተጠቀለለውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማርቲ ሳትጠየቅ ከኮምፒውተሯ ጋር አያያዘችው። ጥቂት ቆይታ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ይሄ ሊሆን አይችልም።»

«ምኑ?»

«መጨረሻ ላይ አቤት ያለለት ስም ‹ጎተራ› ይላል። ጎተራ ደራ ከተማ ያለው የእህል ነጋዴዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ዋይፋይ ነው። ንዋይ ነው የሠራለት። ስሙ የተደበቀ ነው፤ ስልክሽን አውጥተሽ ብትፈልጊ አታገኚውም። ስሙንም የይለፍ ቃሉንም የሚያውቁት ሥራ አስኪያጁና እኛ ነን። እኛ ደግሞ በራሳችን ስልክ ገብተን አናውቅም፤ ክልክል ነው።»

«የተደበቀ ከሆነ ማን ጠራው?»

«እሱ ነው እኮ» አለች ማርቲ። «የተደበቀ ዋይፋይ ‹እዚህ ነኝ› አይልም። ስለዚህ አንዴ የገባበት ስልክ የትም ቢሄድ እየጠራ ነው የሚፈልገው። መንገድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰርግ ቤት። ባለቤቱ አይሰማም እንጂ ስልኩ ሲለፈልፍ ነው የሚውለው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ማኅበሩ ባለፈው ክረምት ተዘረፈ። ኮምፒውተሮቹን ከውስጥ ቆለፉባቸው። ንዋይ እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ ቀዳዳውን የምናውቀው እኛ ብቻ ነና።»

«የማን ስልክ እንደሆነ ይላል?»

«አይልም። የአሁን ስልኮች ማንነታቸውን ይቀያይራሉ። የጠሩትን ስም ግን አይቀይሩም።»

አሁን ለቡዜ አንድ ነገር ቀረ። እማማ በላይነሽ ዘንድ ገባች። አሮጊቷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጠርዝ እየቀመቀሙ ነበር።

«እማማ፣ ቅዳሜ የሰሙትን ይንገሩኝ።»

«ነገርኩ እኮ ልጄ። ‹አቤት አትልም› ብሎ ሲቆጣው።»

«የገባዎትን አይደለም። የሰሙትን።»

እማማ በላይነሽ ቅር አላቸው። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«‹አቤት አለህ።› እንዲህ ነው ያለው። ‹አቤት አለህ እኮ። ምን ልበል እኔ?›» ዓይናቸውን ገለጡ። «ወይ ጉድ። ትርጉም አልሰጠኝም ነበርና አቃናሁት። የተንጋደደ ስፌት ሳይ እጄ ዝም አይልም፣ ልጄ።»

«እየተቆጣ ነበር?»

አሮጊቷ መርፌውን ከጨርቁ ነቀሉ። «አሁን ስታስታውሺኝ... አይደለም። እንደሚለምን ሰው ነበር። እንባ የያዘው ድምፅ።»

በሠልስቱ ማግስት ቡዜ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሜቲ መጣች፤ ኪዳነወልድ ክንዷን ይዞ ደረጃውን አወጣት። አቶ ገመቹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እማማ በላይነሽ የራሳቸውን በርጩማ ይዘው መጡ። ገርባን ሳሊህ ይዞት ገባ፤ እጁ በካቴና ታስሯል። ሜቲ አይታው ፊቷን አዞረች፤ ወዲያው ደግሞ መለሰች።

«ስልኮቻችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉልኝ» አለች ቡዜ።

ከሁሉም ቀድሞ ያስቀመጠው ኪዳነወልድ ነው። አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ስልክ። ማርቲ፣ ሜቲ፣ አቶ ገመቹ ተከተሉ። የገርባን ባለቁልፍ ሳሊህ አስቀመጠለት።

«ንዋይ ከመሞቱ በፊት የተናገረው ‹አቤት አለህ› ነው» ብላ ጀመረች ቡዜ። «እኛ ፖሊሶች በመጀመሪያ ቀን የያዝነው ሌላ ነበር። ‹አቤት አትልም ወይ?› እና ‹አቤት አለህ› አንድ አይደሉም። አንዱ ቁጣ ነው፤ ሌላው ወሬ ነው። የሆነ ነገር ለሆነ ሰው አቤት ብሎታል። በዚህ ቢሮ ደግሞ አቤት የሚባል ዕቃ አለ።»

ማርቲ ጨርቁን ገለጠችው። ኪዳነወልድ ሳጥኗን አየ፤ ፊቱ አልተለወጠም።

«ለማን ነው የተናገረው? ለማርቲ ቢሆን ‹አለሽ› ይላት ነበር። ለአቶ ገመቹ ቢሆን ‹አለዎት›።»

«አንተ ቢለኝማ ያኔውኑ ቤቴን ያስረክበኝ ነበር» አሉ አቶ ገመቹ። የሳቀ የለም፤ እሳቸውም አልሳቁም።

«ስለዚህ ወንድ ነው፤ ንዋይ አንተ የሚለው። ገርባ ይሆናል? አቤት መልስ የሚሰጠው ለሚጠራው ስልክ ነው። የገርባ ስልክ መጥራት አትችልም፤ ዋይፋይ የላትም። ገርባን አቤት ሊለው አይችልም። ካቴናውን ፍታለት፣ ሳሊህ።»

የካቴናው ድምፅ ተሰማ። ሜቲ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይሄ ጥሩ ነው» አለ ኪዳነወልድ ቀስ ብሎ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም አላመንኩም ነበር። ግን አዳማ ውስጥ ንዋይ አንተ የሚለው ስንት ወንድ አለ።»

«ልክ ነዎት። ብዙ አለ። ግን ከነዚያ ውስጥ ንዋይ ቅዳሜ ቴራስ ላይ የወሰደው ባለ አንቴናውን ዕቃ መሆኑን የሚያውቅ ስንት አለ? ማርቲ አታውቅም ነበር፤ የዕለቱ ሥራ ጆሮ ነው። ገርባም አያውቅም። ዕቃውን ከሮቶው ሥር ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ለሳሊህ ካልሆነ ለማንም አላሳየሁም። እርስዎ ግን ድንኳኑ በር ላይ ሆነው ነገሩኝ። ‹ባለ አንቴናውን ነገር ይዞ› አሉ።»

«ገምቼ ነው። ሁሌም እሱን ነው የሚይዘው።»

«ይሁን። ማርቲ፣ አብሪው።»

አረንጓዴው መብራት በራ።  ጥቂት ቆይቶ በማርቲ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቃል ወጣ። ማርቲ አላነበበችውም፤ ኮምፒውተሩን አዞረችላቸው። ጎተራ።

«አንዱ ስልክ እየጠራ ነው» አለች ቡዜ። «የሜቲን አጥፊ። አሁንም አለ? የአቶ ገመቹን። የራስሽን።»

ቃሉ ከቦታው አልጠፋም። ጠረጴዛው ላይ በርቶ የቀረው አዲሱ ስልክ ነበር። ማርቲ እጇን ዘርግታ አጠፋችው። ሲጠብቁ ቆዩ፤ ጎተራን የሚጠራ ጠፋ።

«ይሄ ስልክ ሰኞ የተገዛ ነው» አለ ኪዳነወልድ። አሁን ድምፁ ተለውጧል። «ደራ ይዤው ሄጄ አላውቅም። ባለ ሱቁን ጠይቁት።»

«ጠይቀነዋል» አለ ሳሊህ ከበሩ። «አሮጌው ጠፋ ብለኸው ነው የገዛኸው። ‹የድሮውን ሁሉ አዛውሬለታለሁ፤ ፎቶ አልቀረ፣ ቁጥር አልቀረ› አለን።»

«ዋይፋዩም አልቀረ» አለች ማርቲ። ወደ ኪዳነወልድ አላየችም። «አብሮ ነው የሚዛወረው። እኛ ብንሆን እናውቅ ነበር። አንተ ውል ብቻ ስለምትይዝ አታውቅም።»

ቡዜ ቀጠለች። «ንዋይ ዕቃዎቹን ሲያወዳድር አቤት ‹ጎተራ› ብሎ ለሚጠራ ስልክ ሲመልስ አየ። ከናንተ አንዱ መሆኑን አወቀ፤ ማን እንደሆነ ግን እርግጠኛ መሆን ፈለገ። ለዚህ ነው ለማንም ሳይነግር ዕቃውን አውጥቶ እርስዎን ብቻ ቴራስ ላይ የጠራው። አቶ ገመቹ በሙቀቱ አሸልበው ነበር፤ ሲገቡ አላዩም።»

አቶ ገመቹ ባርኔጣቸውን አዩ። «እውነት ነው» አሉ።

«ሲወድቅ ሁሉም ወደ ጀርባ ሮጡ፤ እርስዎ በፊት በር ወጡ። ሻሸመኔ ያለው ደንበኛ ቀኑን ሙሉ ጠብቆ ያገኘዎት ሊመሽ ሲል ነው። ቴሌ እንደነገረን፣ ማርቲ የደወለችልዎት ገና መንገድ ላይ ሆነው አርሲ ነገሌን ሳያልፉ ነበር።»

 ከታች የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ኪዳነወልድ ወንበሩ ላይ ትንሽ ያነሰ መሰለ።

«ዕቃው የያዘውን እንዲያጠፋው ነው የለመንኩት» አለ። «ለመንኩት እኮ። ‹ሌላ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር› አለኝ። እሱን ደጋገመ። ዝም በል ብዬ ነው የገፋሁት። ዝም እንዲል ብቻ።»

«ሰዎቹን ለማን ሸጥካቸው?» አለ ገርባ።

ኪዳነወልድ ወደ ሜቲ ነው የዞረው። «እቴ...»

ሜቲ ተነሳች። ቡዜ ልትይዛት አሰበች፤ ግን ሴትዮዋ አልተንገዳገደችም። ቆማ የምታየው ፊቱን አልነበረም፤ ቀኝ እጁን ነበር።

«ከዚህ እጅ ጎርሻለሁ» አለች። «ለእሱ ስትይ አልከኝ። ዋጥኩ።»

 እማማ በላይነሽ በርጩማቸውን ትተው ተነሱና አቀፏት። ገርባ ነጻ በሆነው እጁ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ የእህቱን የወደቀ ነጠላ አንስቶ ቆመ።

ኪዳነወልድ በዚያው ቀን ቃሉን ሰጠ፤ የማኅበሩን ቀዳዳ የሸጠላቸውን ሰዎችም ተናገረ። ገርባ ወደ ቤት ተመለሰ። አቤት በኤግዚቢትነት ጣቢያው ቀረ፤ ማርቲና ገርባ ለሥራቸው ጆሮን መረጡ። ከአርባው በኋላ ሜቲ የሠርጓን አልበም አወረደች፤ ሚዜው ያለባቸውን ፎቶዎች ለይታ ልታወጣ መቀስ ይዛ ተቀመጠች። በሁሉም ፎቶ ላይ ከንዋይ ጎን ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። አልበሙን ዘግታ ወደ ቦታው መለሰችው።